ቁርስ በላሽ?

እህቴ ጌጤነሽ ከሁለት ዓመት ኩርፊያ በኋላ፣ ዓርብ ዕለት ገና በደንብ ሳይነጋ ደወለችና «ቁርስ በላሽ?» አለችኝ። ይኸው ነው። «እንዴት ነሽ» የለ፣ «ይቅር ለእግዜር» የለ። አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ስሟን ስልኩ ላይ ሳየው ሳታውቀው ነክታው መስሎኝ ዝም ልል ነበር። «ኧረ ሴትዮ፣ ሰው በዚህ ሰዓት ቁርስ ይበላል?» አልኳት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለእህቴ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይኼ መሆኑ እስካሁን ያናድደኛል። ድምጿ ሻክሯል። «ጉንፋን ነው» አለች፣ ሳልጠይቃት። ከኋላዋ ሰው ሲያስል ሰማሁ። «ብዪ እሺ፣ ባዶ ሆድሽን እንዳትወጪ» አለችና ዘጋችው። ስልኩን እንደያዝኩ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ቆየሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ ግን እልህም ይዞኛል። ሁለት ዓመት ዘግታኝ ከርማ ዛሬ ስለ ሆዴ ታዘኛለች? አልበላሁም።

የተጣላነው በልጇ በብሥራት ሠርግ ነው። የእኔ ሥራ ፕሮጀክት ማናጀር ነው፤ ሌላው ሰው ሥራውን መቼ እንደሚጨርስ የምጠይቅ፣ ካልጨረሰም ለምን እንዳልጨረሰ የምጠይቅ ሴት ነኝ። እናታችን በሕይወት ሳለች «እሺ፣ ያንቺስ ሥራ የቱ ነው?» ትለኝ ነበር፤ ነፍሷን ይማረውና፣ እስክትሞት ድረስ ማስረዳት አልቻልኩም። ለሠርጉ ላግዝ ብዬ ሁሉንም ነገር እኛ መሥሪያ ቤት ያለው ሲስተም ውስጥ ከተትኩት፤ አዳራሹን፣ ዲጄውን፣ ኬኩን፣ እንግዳ የሚያመላልሰውን ቫን፣ ማን ምን እንደሚሠራና እስከ መቼ። ኬኩ የጌጤነሽ ነበር። ሲስተሙ ደግሞ ያልተጠናቀቀ ነገር ካየ እንቅልፍ የለውም፤ «የኬኩ ጉዳይ ምን ደረሰ?» እያለ በእኔ ስም አሥራ አንድ ጊዜ ቴክስት አደረገላት። ለካ ኬኩን ካዘዘችው ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ጨርሻለሁ የሚለውን አለመጫኗ ነው። የመልሱ ዕለት፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ በተቀመጠበት፣ «እኔ የሷ ሠራተኛ አይደለሁም! አፍ የላትም እንዴ፣ በገዛ እህቷ ላይ ማሽን የምትልከው?» አለች። ሰው ሳቀ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ፤ የተከተለኝም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የሚያገናኘን አዲስ አበባ ያለው ታላቅ ወንድማችን ንጉሡ ነው። በየእሑዱ ለሁለታችንም ይደውላል። ለእኔ «ጌጤ ሰላም በልልኝ ብላኛለች» ይለኛል፤ እንዳላለች አውቃለሁ። ለእሷም «እታለምን ናፍቀሻታል» እንደሚላት አውቃለሁ፤ አላልኩም። ለእርቅ የሚዋሽ ሰው ኃጢአት የለበትም ባይ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሆዱን ኦፕራሲዮን ሆነ፤ ከዚያ ጀምሮ በየቀኑ እደውላለሁ፣ በየቀኑ የሚነገረኝም አንድ ነው፤ «ደህና ነው፣ ተሽሎታል፣ ዛሬ ሾርባ ጠጣ»። የዚህን ሰው መዳን እንዴት እንደምጠብቀው ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማንስ እናገራለሁ? በዚህች ምድር ላይ እታለም ብሎ የሚጠራኝ፣ «ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ብሎም መልሱን እስከ መጨረሻው የሚያዳምጠኝ እሱ ብቻ ነው። እሱ ከሌለ እሑድ የሚባል ቀን ምን እንደሚሆንልኝ አላውቅም።

ያን ዕለትም ከአልጋዬ ሳልወርድ ደወልኩለት። አይነሣም። ደቂቃ ሳይሞላ ግን ልጁ ሊባኖስ ጻፈልኝ፤ «አክስቴ ኔትወርክ አስቸግሮን ነው። አባዬ ደህና ነው፣ ተኝቷል። አንቺ ግን እንዴት ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?» ይኼ ልጅ ለአንድ ጥያቄ ሁለት ቀን የሚፈጅ፣ ሲመልስም አውራ ጣት ብቻ የሚልክ ጎረምሳ ነው። «ተባረክ፣ ዛሬስ ሰው ሆንክ» ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ። ለባብሼ ወረድኩ። ቤቴ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ነው፤ አንድ መኝታ ቤት፣ በወር ሁለት ሺህ አንድ መቶ ዶላር፣ ሁለት ወንበር። አራት ነበሩ፤ የሚቀመጥባቸው ሰው ሲጠፋ ሁለቱን ላንግሊ ፓርክ ላለች አንዲት አራስ ሰጠኋቸው። ፓርኪንጉ ላይ ወይዘሮ ብሩክታይት ቆመዋል፤ አንደኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት፣ ከእህቴ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሳሉ። እኚህ ሴትዮ ባዩኝ ቁጥር ስለ መኪናዬ ይቆጡኛል፤ መስመሩን ረገጥሽ፣ በሬን ዘጋሽብኝ፣ ልጆቼ ሲመጡ የት ያቁሙ? ያን ዕለት እውነትም መስመሩን ረግጬ አቁሜያለሁ። አንድ የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። እጄን ያዙኝና «እግዜር ያበርታሽ፣ ልጄ» አሉኝ። «አሜን፣ እርስዎንም ያበርታዎት» አልኩና ሄድኩ። የሥራዬን ነገር ሰምተው ይሆናል አልኩ። ሰው ሁሉ ከሥራ እየወጣ ነው፤ የማይጸለይለት የለም።

ቀለበት መንገዱ ቤልትዌዩ ላይ ስወጣ ኦስካር «እንደምን አደርሽ ኤታ፣ ዛሬ አራት ጉዳይ አለሽ» አለኝ። ኦስካር ሰው አይደለም። ያው ሲስተሙ ነው፤ አድጎ፣ ድምፅ አውጥቶ። እታለማሁ ማለት ለፈረንጆቹ ከበዳቸውና ኤታ ሆንኩ፤ ኦስካር ገና እንደመጣ እታለማሁ ብሎ አጥርቶ ጠርቶኝ ነበር፣ በኋላ እነሱን ሰምቶ ተወው። እውነቱን ልናገር አይደል፣ አልጠላውም። በየቀኑ እንደምን አደርሽ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። ሚቲንግ ላይ የተባለውን ሁሉ ይጽፋል፣ ማን ምን ቃል እንደገባ ይይዛል፣ የዘገየውን ይጠይቃል፣ ማታ ማታ ደግሞ እያንዳንዱን ፕሮጀክት በቀለም ያወጣል፤ አረንጓዴው ደህና፣ ቢጫው የሚያሰጋ፣ ቀዩ እሳት። ይኼን እኔ ስሠራው ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። ግን ያኔ በቀን ሠላሳ አርባ ሰው እደውል ነበር፤ «እንዴት ነህ፣ ልጆቹስ፣ የእናትህ ጉልበት ተሻላት? ያ ነገርስ ምን ደረሰ?» አሁን ኦስካር ይጠይቃቸዋል፣ ለኦስካር ይመልሳሉ፣ እኔ «ጸድቋል» የሚለውን እጫናለሁ። አንድ ሰው ሳላናግር ውዬ የምገባበት ቀን አለ። አምስት ማናጀሮች ነበርን፣ ሁለት ቀረን፤ አለቃችን ዳግላስ ከጁን በኋላ አንድ ሰው እንደሚበቃው ሳይደብቅ ነግሮናል።

የዚያ ቀን ዋናው ጉዳይ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ የምናድሰው የጥርስ ክሊኒክ ነበር። ሰኞ ይከፈታል። ኦስካር ዘጠና ስድስት ከመቶ አረንጓዴ ብሎታል። መብራቱን የሚዘረጋው ፉአድ የሚባል የሐረር ልጅ ነው፤ ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ፉአድ አማራሪ ነው። ቀለም ቀቢዎቹን ያማርራል፣ የተላከለትን ሽቦ ያማርራል፣ የአሌክሳንድሪያን ፓርኪንግ ያማርራል፤ ሥራው ግን እንከን የለውም። ሳምንቱን ሙሉ ለኦስካር የመለሰውን፣ እየነዳሁ፣ አስነበብኩት። ሰኞ «ኖ ፕሮብሌም»። ማክሰኞ «ኖ ፕሮብሌም»። ረቡዕ «ሁሉም ጥሩ ነው፣ ኤታ ደህና ናት?» ሐሙስ፣ ጥያቄው በተላከ በሰከንዶች ውስጥ፣ «ኖ ፕሮብሌም፣ ኢንተርኔት አስቸግሮኝ ነው እንጂ ፎቶ እልክ ነበር»። ፎቶ የጠየቀው የለም። ለዳግላስ ደውዬ ሄጄ ልየው ስለው «ለምን? አረንጓዴ ነው እኮ» አለኝ። «ፉአድ ማማረር አቁሟል» አልኩት። «ኤታ፣ ይኼማ ጥሩ ዜና ነው» አለኝ። ወይ ፈረንጅ! መሪውን ወደ ድልድዩ አዙሬ ሄድኩ።

ስደርስ ከፊት ያሉት ክፍሎች ቦግ ብለው በርተዋል። ከኋላ ያሉት ሦስቱ ግን ሽቦአቸው ከግድግዳው እንደተንጠለጠለ ነው፣ ፉአድም መሰላል ላይ ብቻውን ነው። «እትዬ» ብሎ ወረደ፤ ዓይኔን ማየት አቃተው። ረዳቱ ሰኞ ዕለት ከመሰላል ወድቆ ክንዱን ሰብሯል። «ብቻዬን እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው። ወላሂ፣ እንቅልፍ ከተኛሁ አራት ቀኔ ነው» አለኝ። ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው ተናደደ፤ «ለማን ልንገር? ለማሽኑ? ቀይ ያደርገኛል። አንዴ ቀይ ከሆንኩ ደግሞ ማን ሥራ ይሰጠኛል?»

«ለእኔ አትነግረኝም ነበር?»

«አንቺ መቼ ትደውያለሽ አሁን?»

እዚያው የኖራ አቧራው ላይ ቆሜ በልትስቪል ላለው ለቢራቱ ደወልኩ፤ እሱም መብራት ይሠራል፣ የዛሬ ዓመት ከአንድ ችግር አውጥቼዋለሁ። የልጆቹን ደህንነት ጠየቅሁት፣ ስለ አዲሱ ቤቱ ጣሪያ ሲያወራ አዳመጥኩት፣ ከዚያ ነገሩን ነገርኩት። ነገ ጠዋት ሁለት ሰው ይልካል፣ እሑድ ማታ ይጨርሳሉ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ፉአድ መሰላሉን ተደግፎ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና ወዲያው «እነዚህ ቀለም ቀቢዎች ግን ሰው ናቸው? ሶኬቱን ሁሉ በቀለም ደፍነውልኛል እኮ!» ብሎ ጀመረ። ዳነ፣ አልኩ በሆዴ። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ለንጉሡ የምነግረው ነገር አገኘሁ፤ የፉአድን ንግግር ሳስመስልለት እንዴት እንደሚስቅ ታየኝ። ደወልኩ። አይነሣም።

የእህቴ ሕንፃ ከክሊኒኩ ሁለት የትራፊክ መብራት ቢያልፉ ነው። ምሳ ሰዓት ስለነበር ምንም ሳልወስን እግሬ መራኝና ፊት ለፊቱ አቆምኩ። የብሥራት መኪና ቆሟል፤ በሥራ ቀን፣ በእኩለ ቀን፣ እናቱ ቤት ምን ይሠራል? የዛሬው ልጅ እንደ ልቡ ነው፣ ከቤት ነው የሚሠራው አልኩ። ሌሎችም የማውቃቸው የመሰሉኝ መኪኖች ነበሩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለውን መስኮት አየሁት። በጠዋት መደወሏ በር መክፈቷ ከሆነ ልግባ? ምን ብዬ? «ቁርስ በላሽ ብለሽኝ ነበር፣ መልሱን ላደርስ ነው የመጣሁት» ልበል? መኪናው ውስጥ ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀምጬ ተለማመድኩት፤ አንዴ ቆጣ ብዬ፣ አንዴ እየሳቅሁ፣ አንዴም ምንም ሳልል እቅፍ አድርጌያት። ኩራቴ አላስወጣኝ አለ። በመጨረሻ «ሰላም ነሽ? ቤት ነሽ?» ብዬ ጻፍኩላት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ደህና ነኝ። ቤት አይደለሁም»። በዚያው ቅጽበት የሦስተኛ ፎቅ መጋረጃ ተነሣ፣ የሰው ጥላ አየሁ፣ መጋረጃው ተመለሰ። አታስገባኝም ማለት ነው፤ እያየችኝ፣ ከላይ ሆና፣ የለሁም አለችኝ። እንባዬ መጣ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ እህቴ ሕንፃ ሥር መኪና ውስጥ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ።

ዳግላስ በቪዲዮ ደወለ። ያስመዘገብኩትን ሁሉ ኦስካር ነግሮታል፤ ፉአድ እውነቱን እንደተናገረ፣ የቢራቱ ሰዎች እንደሚመጡ፣ ሰኞ እንደሚከፈት። ዳግላስ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲያመሰግን ከልቡ ነው። «እንዴት አወቅሽ? መረጃው ሁሉ አረንጓዴ ነበር» አለኝ። ነገርኩት፤ ሰው ችግር ሲደብቅ ምልክት አለው። ዓይኑ በራ። «ጻፊልኝ» አለ። «ምልክቶቹን አንድ በአንድ፣ ዛሬ ከመውጣትሽ በፊት። ኦስካር ሰኞ ይማረዋል።» ቀጥሎ፣ እንደ መልካም ዜና፣ ይኼን ከተማረ በኋላ ማንም ሰው መኪና ነድቶ ላንድማርክ ድረስ መሄድ እንደማያስፈልገው ነገረኝ። ገባኝ፣ ሞኝ አይደለሁም። ከጁን በኋላ የሚቀረው አንድ ሰው እኔ እንዳልሆን በገዛ እጄ ልጽፍ ነው። ግን ምን ይደረግ፣ የጠየቀኝ ሰው አግኝቼ ነው! አንድ ሰው «እንዴት አወቅሽ?» ካለኝ ስንት ዘመኔ ነው? እሺ አልኩት።

የክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ውስጥ ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት አዳዲስ ወንበሮች ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል፤ አንዱ ላይ ተቀምጬ ኮምፒውተሬን ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ ስንቀሳቀስ ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። ፉአድ ከጓዳ ሬዲዮ ከፍቶ ይሠራል። ጻፍኩ። አንደኛ፣ አማራሪ የነበረ ሰው ማማረር ካቆመ። ሁለተኛ፣ ሲዘገይ የኖረ ሰው ወዲያው ከመለሰ። ሦስተኛ፣ ስለ ጉዳዩ ስትጠይቁት ስለ እናንተ ደህንነት ከጠየቀ። አራተኛ፣ ሳይጠየቅ ምክንያት ከሰጠ፤ ኢንተርኔት ነው፣ መንገድ ነው፣ እንዲህ ነው እንዲያ ነው ካለ። ጥሩ አድርጌ ጻፍኩት፤ በየምልክቱ ሥር ምሳሌ አስቀመጥኩ፣ ኮራሁም። አምስተኛውን ጀመርኩ፤ መቼ የት እንደምትሆኑ አስቀድሞ ማወቅ ከፈለገ። «ከፈለገ» የሚለውን ጽፌ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። ብሥራት ነው። «አክስቴ፣ ነገ ጠዋት ቤት ነሽ አይደል?»

እጄ ኮምፒውተሩ ላይ ቀረ። መጀመሪያ የጻፍኩትን አየሁ፣ ከዚያ የስልኬን መልእክት፣ ከዚያ ተመልሼ የጻፍኩትን። ወይዘሮ ብሩክታይት መስመሩን ረግጬ አልተቆጡኝም። ሊባኖስ ደቂቃ ሳይሞላ መለሰልኝ። ስለ አባቱ ስጠይቀው ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ኔትወርክ ነው። ጉንፋን ነው። ድሮስ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ! ፉአድን በሦስት ቃል ያወቅሁ ሴትዮ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ደህና ነው፣ ተሽሎታል» ሲሉኝ አንድም ቀን ሆዴ አልፈራም፤ አረንጓዴ ነው ብለውኝ አምኜ ተቀመጥኩ። ደህና ነው መባሉን ስለፈለግሁ አመንኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ትልልቅ ሰው ይዞ፣ በጠዋት፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚነገረው። ነገ ቅዳሜ ነው። ወንድሜ ሞቷል። ነገ ጠዋት ሊያረዱኝ ነው።

ጮኼ ላልቅስ ብል ፉአድ አለ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ስልኩን አነሣሁ፤ ብሥራትን «ንጉሡ ሞቷል ወይ?» ብለው መልሱ በእጄ ነው። ግን ያን ብጠይቅ ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን፣ ሳይዘጋጅ፣ አዎ ማለት ሊኖርበት ነው፤ ያ አንዱም ልጅ ነው። ያን ጊዜ የጌጤነሽ ነገር ገባኝ። እሷ ሌሊቱን መርዶውን ተረድታለች። ንጉሡ የእኔ ብቻ ወንድም ነው እንዴ? ሌሊቱን አልቅሳ ድምጿ ሻክሮ፣ ሰው ከቧት፣ ከእነሱ ደብቃ ነው ስልክ ያነሣችው። ሁለት ዓመት ያልደወለች ሴት ልትነግረኝ አትችል፣ ዝም ልትልም አልቻለች። የሚረዳ ሰው አስቀድሞ እህል መቅመስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ አይወርድለትም። ቁርስ በላሽ ያለችኝ ለዚህ ነው። እኩለ ቀን ላይ ቤት አይደለሁም ያለችኝም ለዚህ ነው፤ ብገባ ኖሮ ለቅሶው መካከል ነበር የምገባው፣ ብቻዬን፣ በምሳ ሰዓት፣ የሥራ ባጄን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ።

ለብሥራት ሰበብ ላብጅለት ብዬ ጻፍኩለት፤ «አዎ ቤት ነኝ። እኔ ጋ የቀረውን መብሻ ድሪልህን ልትወስድ ነው?» እሱም «አዎ፣ እሱን ልወስድ ነው» አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ዝርዝሩን አራቱ ላይ ተውኩት። አምስተኛውን አጠፋሁት። ነገ ጠዋት ቤት ነሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን ይዞ እንደሆነ ኦስካር አይወቀው፤ ይኼ እኛው ዘንድ ይቅር። ከሥራ መውጫ ላይ ኦስካር «ኤታ፣ ዝርዝሩ አልተጠናቀቀም» ብሎ አስታወሰኝ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ደገመው። ሲልቨር ስፕሪንግ ስገባ ሦስተኛ። ለእህቴ አሥራ አንድ ጊዜ እንዲህ እንደተባለላት አሰብኩና ስልኩን ዘጋሁት። ያን ማታ እንደምን አመሸሽ የሚለኝ አልነበረም።

ቤቴ ገብቼ ቆምኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሚቲንግ ሰው ከመምጣቱ በፊት ክፍል ያዘጋጀሁ ሴት ነኝ፤ ወንበሩን፣ ውሃውን፣ ማን የት እንደሚቀመጥ። ሁለት ወንበር ነው ያለኝ። ታች ሄጄ ብዋስ ይታወቅብኛል። ወለሉን ብጠርግ፣ ሶፋውን ብገፋ፣ የንጉሡን ፎቶ ከመደርደሪያው ባወርድ፣ እንዳወቅሁ ያውቃሉ። ያ ሁሉ ሰው ቀስ ብሎ ሊነግረኝ ሌሊት የሚነሣው በከንቱ ሊሆን ነው። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አላዘጋጀሁም። ያልታጠበውን ሳህን ተውኩት። ካፖርቴን ሶፋው ላይ እንደጣልኩት ተውኩት። የንጉሡን ፎቶ ግን ቆሜ አየሁት፤ «ፉአድ ዛሬ ምን እንዳለ ልንገርህ» አልኩትና ነገርኩት፣ እስከ መጨረሻው፣ ቀለም ቀቢዎቹንም ጨምሬ። የሚስቅበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆም አልኩለት።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ሁለት እንቁላል ጠበስኩ፣ ዳቦ አሞቅሁ፣ ከሁለቱ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጬ በላሁ። አልወርድ ይላል። በውሃ እያወረድኩ ሁሉንም በላሁት፣ ፍርፋሪውንም። እንደጨረስኩ ሊፍቱ ሲቆም ሰማሁ፣ ቀጥሎ ብዙ እግር፣ ቀስ ያለ፣ በኮሪደሩ ላይ። የምለውን አዘጋጅቼዋለሁ፤ ምንም የማያውቅ ሰው የሚለውን፣ «ምነው በጠዋቱ? በደህና ነው?» የሚለውን። ተንኳኳ። ከፈትኩ። ቄሱ አሉ፣ ብሥራት አለ፣ ወይዘሮ ብሩክታይት አሉ፣ ከኋላም ጥቁር የለበሰ ሰው እስከ ሊፍቱ ድረስ ቆሟል። ከሁሉም ፊት ጌጤነሽ ናት። ዓይኗ አብጧል። ሁለት ዓመት ያላየሁት ፊቷ የንጉሡን ፊት መስሏል። አፌን ከፈትኩ፤ ያዘጋጀሁት ነገር አልወጣ አለ።

«በልቻለሁ፣ ጌጤ» አልኳት።